በኖራ የተቀባው ማንጎ

ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር ውስጥ፣ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ግቢ መሐል፣ ከሰው ቁመት ጥቂት ከፍ ብሎ የተቆረጠ የማንጎ ግንድ ቆሟል። ከላይ እስከ ታች ኖራ ተቀብቷል። ለምሳ የሚመጣ አዲስ ሰው ሁሉ እጁን ታጥቦ ሳይቀመጥ፣ "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" ብሎ ይጠይቃል። አሳላፊዎቹ ሁለት እጃቸው በሳህን ስለተያዘ በአገጫቸው ወደ እኔ ያመለክታሉ። እኔ በጀሪካን ውኃ እያጠጣሁት ነው። ዞሬ ሳላይ እንኳ ይታወቀኛል፤ ማጅራቴ ይሞቀኛል።

ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ቶሎ የምሠራው ነገር የለም። አንድ ጊዜ ቶሎ ብዬ የወሰንኩት ነገር ይኸው ግቢ መሐል ቆሞ ይታያል።

ባለቤቴ ዛፍ ይቆርጥ ነበር። አገር ቤት ሳለ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚነኩ ቅርንጫፎችን ከሚያጸዱ ሰዎች ጋር ሠርቷል። ጁባ የመጣው ለግንባታ ሥራ ነበር፤ እዚህ ሲደርስ ግን ግቢው ሁሉ ትልልቅ ማንጎና ኒም፣ ከዛፉ ሥር ደግሞ የቆርቆሮ ጣሪያ ሆኖ አገኘው። የመጀመሪያው ዝናብ ነፋስ ሲነሳ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ጣሪያ ይበሳል፤ ሰው ያን ጊዜ ይጣራል። የእኛ አገር ሰዎች "ዶክተር" ይሉት ነበር፣ ለማሾፍ። ገና ከበር ሲገባ፣ "ዶክተር፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ቀደህ ሰፋህ?" ይሉታል። እሱ ከእነሱ ጋር ይስቃል። እኔ ባሌ ምን እንደሚሠራ ስጠየቅ፣ "ግንባታ ላይ ነው" እል ነበር።

በዲሴምበር 2013 ከተማው በተኩስ ሲናጥ እዚያው ምግብ ቤት ግቢ ተጠልለን ነበር። የምግብ ቤቱ ባለቤት ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ ሴት ናቸው፤ እታለም ነው የምላቸው። አጥራቸው ብሎኬት ስለሆነ ጎረቤቱን ሁሉ አስገቡ፤ የእህል መጋዘኑ ወለል ላይ ሰው በሰው ላይ ተኛ። ውጭ ጥይት ሲያፏጭ እሳቸው ጓዳቸው ውስጥ ምስር ይቀቅላሉ። "ጥይቱ ቢስተን ረሃቡ እንዳይገድለን" ይላሉ። ከእነዚያ ጥይቶች አንዱ ማንጎውን መታው። ሁላችንም ሰማነው፤ ግንድ ላይ አንዴ ብቻ ያረፈ መጥረቢያ ይመስል ነበር። ነገሩ ሲረግብ ወጥተን አየን። ጓዳው በደረጃ ከፍ ያለ ስለሆነ፣ ጥይቱ የገባበት ቦታ ከጓዳው መስኮት ጋር ትክክል ነበር። እታለም ግንዱን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው፣ "ይሄ ባይቆም ኖሮ ግንባሬን ነበር" አሉ።

ከዚያ በኋላ የባለቤቴ ሁለት ረዳቶች ከተማውን ለቀው ወጡ፤ የት እንደደረሱ አላወቅንም። የቀረው ዛፍ ላይ የሚወጣው ሰው ብቻ ነው። ትውልዱ ከዚሁ አገር፣ ዕድገቱ ጋምቤላ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል። እኔን "ማዘር"፣ ባለቤቴን "ጋሼ" ይል ነበር። ከታች ሆኖ ገመድ የሚይዝ ሰው ስለጠፋ እኔ ያዝኩ።

ገመድ መያዝ የጉልበት ሥራ ይመስላል። ጉልበቱ ግን የእኔ አይደለም። የሚወርደው ቅርንጫፍ የታሰረበትን ገመድ በግንዱ ዙሪያ ሁለት ሦስት ጊዜ አዞረዋለሁ፤ ክብደቱን የሚሸከመው ልጡ ነው። የእኔ ሥራ ቀስ እያልኩ መልቀቅ፣ ወደ ጎን መቆምና ገመዱን በምንም ዓይነት እጄ ላይ አለመጠቅለል ነው። ከላይ ያለው ሰው ቅርንጫፉን መጀመሪያ ከሥር በኩል ትንሽ ይገዘግዘዋል፤ ቀጥሎ ከዚያ ፈቀቅ ብሎ ከላይ ይቆርጠዋል። እንዲህ ካልተደረገ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ እስከ ታች ልጦ ይዞት ይሄዳል። የቀረውን ጉቶ መጨረሻ ላይ ይከረክመዋል፤ ከግንዱ ሲወጣ ያበጠውን ቦታ ግን አይነካም፤ ቁስሉን የሚዘጋው እሱ ነው።

የአንድ ዛፍ ውስጥ መበስበሱን ለማወቅ ባለቤቴ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ርቆ ቆሞ አናቱን ያያል፤ ቅጠሉ ሳስቷል ወይ፣ ጫፉ ደርቋል ወይ። ጎንበስ ብሎ ሥሩን ያያል፤ አፈሩ ተሰንጥቋል ወይ፣ እንጉዳይ አውጥቷል ወይ። ከዚያ በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ያንኳኳል። በመጨረሻ በእጅ በሚዞር መሰርሰሪያ ቀጭን ቀዳዳ በስቶ የሚወጣውን ፍቅፋቂ በመዳፉ ይቀበላል። ነጣ ያለና እርጥብ ከሆነ ዛፉ ጤነኛ ነው። ቡናማና እንደ ዱቄት የሚበን ከሆነ በስብሷል። እኔ ይህን ሁሉ ያየሁት ገመዴን ይዤ፣ ከሩቅ ነው። መዳፉ ላይ ያለው ምን እንደሚመስል አንድም ቀን ጠጋ ብዬ አላየሁም።

በተከታዩ ዓመት የዝናቡ ወራት ወባ ያዘው። ወባ ነው ሲባል ቀለል አድርጌ አየሁት፤ እዚህ ወባ ያልያዘው ማን አለ? አልተነሳም።

ተዝካሩ እንዳለፈ የጋምቤላው ልጅ መጣ። ልጅ እላለሁ እንጂ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ፣ "ማዘር፣ ሥራ ይጠሩኛል። ብቻዬን አልችልም" አለ።

"ጥቁር ለብሼ?"

"ጥቁር ልብስ ገመድ አይዝም እንዴ?"

ሳላስበው ሳቅሁ። ከዚያ ወጣሁ። የማኅበራችን ሴቶች በቦዳቦዳ ሲያልፉ፣ ዓመት ያልሞላት ሐዘንተኛ መንገድ ዳር ከነጥቁር ነጠላዋ ገመድ ስታዞር ያዩኛል። አንዷ ሰላም ልበላት አልበላት ብላ ስታመነታ ሞተሩ ይዟት ያልፋል። ሥራውን በደንብ ከሠራሁት ደህና ነው፣ ይረሱታል እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

በፈረንጆቹ 2015 መጀመሪያ፣ ማንጎው አበባ ይዞ ሳለ፣ እታለም አስጠሩኝ። ጥይቱ የገባበት ቦታ ጥቁር ፈሳሽ አውጥቶ በግንዱ ላይ ወርዶ ደርቋል። "ያለቅስብኛል" አሉ። "ከሥሩ ሰው ነው የሚበላው። እይልኝና ልቤን አሳርፊው።" ዛፉ እንዳሳሰባቸው እውነት ነው፤ ሥራ እንዲኖረኝ ብለው እንደጠሩኝም ገብቶኛል።

የሄድነው በምሳ ሰዓት ነው፤ ስህተቱ ከዚያ ይጀምራል። ከማንጎው ጥላ ሥር ያሉት ጠረጴዛዎች ሁሉ ተይዘዋል። ሾፌሮች አሉ፤ ሁልጊዜ ሻይ ብቻ ይዞ የሚቆይ አንድ ጅምላ ነጋዴም አለ። በግንዱና በወንበሮቹ መሐል ተሽሎክልኬ ገባሁና ጆሮዬን ለጥፌ በመዶሻ አንኳኳሁ። ባለቤቴ ሲያንኳኳ ከሩቅ የምሰማው ደረቅ ድምፅ ነበር። አሁን ጆሮዬ ልጡ ላይ ስለሆነ ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ከበሮ ጎላብኝ።

"ምን አለሽ?" አለ ነጋዴው።

"ወላሂ የሻይህን ሒሳብ አስልቶ ነው የሚነግራት" አለ አንዱ ሾፌር። "ዶክተርዬ፣ ትንፋሹን ሳብ አድርግ በይው እንጂ!"

ሁሉም ሳቁ። ክፋት አልነበረውም፤ ባለቤቴም በዚሁ ነበር የሚስቀው። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። መሰርሰሪያውን አወጣሁና ጥቁሩ ፈሳሽ ከወረደበት በታች፣ ደረቴ አካባቢ ማዞር ጀመርኩ። ክንዴ አልጠነከረም። ትንሽ እንደገባ የነጠላዬ ጫፍ መዘውሩ ላይ ተጠመጠመ። ለማላቀቅ ስታገል ነጠላው ከራሴ ወረደ፤ የሐዘን ፀጉሬ በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት ተገለጠ።

"ኧረ እኔ ላዙርልሽ፣ እህቴ" ብሎ ሾፌሩ ከወንበሩ ተነሳ፤ አሁን ሳይስቅ።

ባይነሳ ይሻል ነበር። ስቆ ቢቀጥል እኔም እቀጥል ነበር። መሰርሰሪያውን መዝዤ አወጣሁትና ያመጣውን በመዳፌ ተቀበልኩ። ቡናማ ነው። ይበናል።

"ተቀመጥ፣ አይቻለሁ" አልኩ።

የጋምቤላው ልጅ ጠጋ ብሎ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ማዘር፣ ጋሼ ጠለቅ ያደርገው ነበር" አለኝ።

"አንተ ገመድህን ፍታ!" አልኩት፤ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ።

እታለም እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ። "እህስ?"

"ውስጡ በስብሷል፣ እታለም። ዝናቡ ሳይመጣ መውረድ አለበት።"

ቀና ብለው አበባውን አዩ። አናቱ ድፍን ያለ ነበር፤ የሳሳ ቅጠል፣ የደረቀ ጫፍ አልነበረውም። እኔ ግን ቀና ብዬ አላየሁም።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

የቆረጥነው ምግብ ቤቱ በተዘጋበት ቀን ነው። ቅርንጫፎቹ አንድ በአንድ ሲወርዱ ገመዱ በእጄ ውስጥ እንደዚያ ታዞ አያውቅም፤ አንድ ብርጭቆ እንኳ አልተሰበረም። የረገፈው አበባ እንደ እብቅ ነጠላዬ ላይ ተነሰነሰ። ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም መጻፍ አለብኝ፤ ያን ጠዋት ደስ ብሎኝ ነበር።

ቅርንጫፎቹ አልቀው ግንዱ ብቻ ሲቀር ከላይ ወደ ታች እየቆራረጥን ወረድን። ከጓዳው መስኮት ትክክል ስንደርስ የሞተር መጋዙ ሲጢጥ ብሎ ጮኸ፤ ብልጭታ ወጣ፤ ሰንሰለቱ ተበጥሶ በልጁ ጉልበት አጠገብ ተወርውሮ አጥሩን መታው። "ካላስ! ካላስ! በቃ!" እያለ መሰላሉን አቅፎ ቀረ። እንዳልተጎዳ ካየሁ በኋላ ነው መጋዙ ያገኘው ጥይቱን መሆኑ የገባን። ከዲሴምበሩ ወዲህ የከተማው ዛፍ ሁሉ ሆዱ ውስጥ ብረት አለ፤ ባለቤቴ የተመታ ግንድ ላይ መጋዝ ከማሳረፉ በፊት ቦታውን በኖራ ምልክት ያደርግበት ነበር።

የቀረውን በእጅ መጋዝ ጨረሰው። ጉማጁ ተንከባልሎ ወደቀ። ልጁ ከመሰላሉ አልወረደም። የተቆረጠውን ፊት ያያል።

"ማዘር፣ ነይ እዪ።"

"ምን አለ?"

"ነይ እዪ ነው የምልሽ።"

ወንበር ስቤ ወጣሁ። እንጨቱ ነጣ ያለና እርጥብ ነበር፤ ጣቴን ሳሳርፍበት ውኃው ተከተለኝ። ከዳር እስከ ዳር አንድም ክፍተት የለም። ከልጡ ገባ ብሎ ጥይቱ እንደ ቁልፍ ተሰክቷል፤ የገባበትን አፍ ዛፉ በአዲስ እንጨት ደፍኖታል። በዙሪያው የአንድ ጣት ስፋት ያህል ጠቁሯል፤ ከዚያ ወዲያ ንጹሕ ነው። ልጡን አየሁት። የሽማግሌ ማንጎ ልጥ ወፍራም ነው፤ ወፍራምና ቡናማ፣ ሲፈቀፈቅ የሚበን። መሰርሰሪያዬ ከልጡ አላለፈም ነበር። መዳፌ ላይ የተቀበልኩት የዛፉን ልብስ ነው።

እታለም ሌላ ወንበር ላይ ቆመው አዩ። አልጮሁም። በአውራ ጣታቸው እርጥበቱን ዳሰሱና፣ "ደህና ነበር ማለት ነው" አሉ። ጥያቄ አልነበረም። ወርደው ወደ ጓዳ ገቡ። ይቅርታ የሚለውን ቃል አፌ ውስጥ ሳላምጠው ተመልሰው ብቅ አሉና፣ "ምሳ ሳትበሉ እንዳትሄዱ" አሉን።

በላን። ጥላ የነበረው ቦታ ላይ፣ ፀሐይ አናታችንን እየመታን፣ ልጁም እኔም አንገታችንን ደፍተን በላን። እሳቸው ይጨምሩልናል።

ትቼ ለመሄድ ስነሳ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ቡሉክ ሰፈር ውስጥ አንድ ያረጀ ማንጎ ነበር፤ ባለቤቴ አናቱን በሙሉ አውርዶ ግንዱን ብቻ ካቆመ በኋላ በኖራ ቀባው። ጥላ የለመደ ልጥ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ይሰነጠቃል፤ ኖራው ያበርድለታል ብሎኝ ነበር። ያ ዛፍ አቆጥቁጧል። ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፣ ያውም በመንገድ ሳልፍ። ለእታለም ነገርኳቸው፤ "ሊያቆጠቁጥ ይችላል" አልኩ፤ "ይችላል" የሚለውን ቃል ጠበቅ አድርጌ። "አድርጊያ" አሉና ሳህኖቹን አነሱ።

በበነጋው ኖራ በጥብጬ ቀባሁት። ከዚያ ወዲህ ውኃ አጠጣለሁ። እታለም ሰማያዊ ሸራ ገዝተው ከአጥር እስከ ጓዳ ወጠሩ። ሸራው ሙቀቱን አምቆ ይይዛል፤ ሰዎቹ ከሥሩ እያላባቸው ይበላሉ፣ ጠረጴዛቸውን ይዘው የአጥሩን ጥላ ይከተላሉ። እያንዳንዱ ወንበር ሲጎተት እሰማዋለሁ። ወሬው ሙኑኪን አልፎ ስለሄደ የሚጠራን ጠፋ። የጋምቤላው ልጅ ወንዝ ወደቡ ሄዶ ከጀልባ ጆንያ ማውረድ ጀመረ። እሁድ እሁድ ይመጣና ግንዱን ይዞራል፤ ያንን "ጠለቅ ያደርገው ነበር" ያለኝን ነገር አንድም ቀን አላነሳውም። ቢያነሳው ደስ ይለኝ ነበር።

ነጋዴው ግን አልተወኝም። ሻዩን እያማሰለ፣ "ዶክተር፣ በሽተኛው እንዴት አደረ?" ይለኛል።

"አለ።"

"ኖራ መቀባቱስ? ልትገንዢው ነው እንዴ?"

እኔም ከዚያ የተለየ ነገር አላየሁም ነበር። ነጭ ሆኖ ሲቆም በእርግጥ የተገነዘ ይመስላል። ካቆጠቆጠ እታለም ጥላቸውን ከዓመታት በኋላም ቢሆን ያገኛሉ፤ እኔም በዚያ በር ቀና ብዬ እገባ ይሆናል። ካላቆጠቆጠ የደረቀ ጉቶ ነው፤ ያን ጊዜ እሱንም ማውረድ የእኔ ሥራ ይሆናል።

ዝናቡ ጀመረ። ምንም የለም። ዘነበ፤ ኖራው ታጠበ፤ እንደገና ቀባሁ። አንድ ጠዋት ጀሪካኔን ሳስቀምጥ ከተቆረጠው ፊት በታች፣ ልጡን ሰንጥቀው የወጡ እንደ በርበሬ ቀይ የሆኑ ጫፎች አየሁ። ተሳስቼ እንዳይሆን ፈርቼ ለማንም አልተናገርኩም። በሳምንቱ ግን ነጋዴው ራሱ አይቶ፣ "ኧረ በሽተኛው ጺም አብቅሏል!" ብሎ ግቢውን አናጋው። እታለም ከጓዳ ሮጠው ወጡ። ቅጠሉ ቀይና ለስላሳ ነው፣ ከጨቅላ ጆሮ ይሳሳል። ለገባ ሰው ሁሉ ያሳዩ ጀመር፤ "አልሞተም እኮ! ኑ እዩ!" ይላሉ። እኔን ግን ምንም አላሉኝም።

ያን ጊዜ የቀረውን የባለቤቴን ትምህርት አስታወስኩና ደነገጥኩ። ቡቃያው ብዙ ነው፤ ከአንድ ቦታ ተጣብቆ የወጣ። እንዲሁ ከተተወ ሁሉም ቀጭን ሆኖ ይረዝማል፤ እግሩ አይጠናም፣ ነፋስ ልጡን ይዞ ይገነጥለዋል። አራት አምስቱን አራርቆ ማስቀረት፣ ሌላውን መቁረጥ ያስፈልጋል። መቁረጥ! እዚህ ግቢ ውስጥ ያንን ቃል እንዴት አድርጌ ነው የማወጣው? ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ቆየሁ። ቡቃያው በየቀኑ ይረዝማል፤ እታለም በየቀኑ ያሳያሉ። በመጨረሻ አንድ እሁድ ልጁ አየና፣ "ማዘር፣ ይሄንን እኮ ነፋሱ ይወስደዋል። ልንገራቸው?" አለኝ።

"እኔ እነግራቸዋለሁ።"

ጓዳ ገባሁ። ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። አቀርቅሬ ነገርኳቸው። ቢላዋው ቆመ።

"የበቀለውን?"

"አብዛኛውን። አራት አምስቱን እናስቀራለን።"

ቢላዋውን አስቀምጠው ተከትለውኝ ወጡ። ግንዱን ዞሩት። ነጋዴው እንኳ ሻዩን ማማሰል አቆመ።

"እርግጠኛ ነሽ?" አሉኝ።

"አይደለሁም፣ እታለም" አልኩ። ሰው ሁሉ እየሰማ ነበር። "እሱ እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ። ያየሁትም ከሩቅ ነው።"

ልጁን በእጃቸው ገለል አድርገው መሰላሉን ራሳቸው ያዙ፤ "ውጪ" አሉኝ። ወጣሁ። የአትክልት መቀሱን ይዤ የመጀመሪያውን ቡቃያ ሳልቆርጥ በጣቴ ነካሁት፤ ሥሩ ጠንካራ ነው ወይ፣ ከጎኑ ያለውስ።

"እሱን ነው?" አሉ ከታች።

"አይ፣ እሱ ይቅር። አጠገቡ ያለው ቀጭኑ ነው።"

"እስቲ ሁለቱን እንደገና እዪያቸው።"

እንደገና አየኋቸው። ሁለቱንም ወዝወዝ አደረግኋቸው። ቀጭኑ ነበር። ቆረጥኩትና ወረወርኩት። እታለም በአንድ እጃቸው መሰላሉን እንደያዙ ጎንበስ ብለው አነሱት፤ ቀዩን ቅጠል አንዴ በጣታቸው ዳስሰው ሽርጣቸው ውስጥ ከተቱት፤ ለጎረቤት ፍየሎች ነው አሉ። ያን ጎን ስንጨርስ ወረድኩ። ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። መሰላሉን እኔ ከላይ እሳቸው ከታች ይዘን ወደ ሌላው ጎን አዞርነው።